ልጅቷ ብዙ ታመሰግናለች

ሰው ስጦታ ይዞ ቤቴ ሲገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እጁ ሳይሆን ወደ ፊቱ ነው። ምን ፈልጎ ይሆን እላለሁ በሆዴ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቅ «አንቺ እኮ በድሮ ጊዜ ብትፈጠሪ ሌባሻይ ያደርጉሽ ነበር» እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ተቀምጦ የሰው ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው መጠርጠር ካልቻለ እንጀራውን አይበላም። ጨርቁን ሲያቀብለኝ ፈገግታ የሚያበዛ ደንበኛ፣ ልብሱ ሲደርስ «ብብቱ ላይ ያዘኝ» ማለቱ እንደማይቀር ከልምድ አውቃለሁ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ምስጋና ስታበዛ ሌላው ሁሉ ደስ ሲለው የጠረጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለእኔና ለባለቤቴ እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ታናሽ እህቴ ደግሞ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ከባሏ ጋር እያረሰች ትኖራለች፤ ልጆች ሞልተዋታል። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን ነገሩ ብዙ ውይይት አይፈልግም። በአንድ ክረምት መጨረሻ ትንሿን ልጇን ይዛ መጣችና «ከተማ ትማር፤ እንደ ልጅሽ አድርገሽ አሳድጊያት» ብላ ሰጠችኝ። ልጅቷ ገና አምስት ዓመቷ ነበር። ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ በፌስታል ይዛለች። እናቷ እኔን «እታለም» እያለች ስለምትጠራኝ እሷም እታለም አለችኝ። እማ እንድትለኝ በጣም እፈልግ ነበር። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ የሚፈልገው ነገር የታወቀበት ሰው መጫወቻ ይሆናል ብዬ ነው የማምነው።

ገና በመጣችበት ቀን ውሃ ሰጠኋት። ብድግ ብላ፣ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እግሯን ሳጥባት እግዜር ይስጥልኝ። ፀጉሯን ሳበጥርላት እግዜር ይስጥልኝ። ሽሮው ቢቀጥን፣ ዳቦው ቢደርቅ ምስጋናዋ ያው ነው። እኔ ደግሞ ልጅ ሳይኖረኝ ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ ሐሳብ የነበረኝ ሰው ነኝ። የጎረቤት ልጆች ከእናታቸው እጅ ብስኩት ነጥቀው ሲሮጡ ባየሁ ቁጥር «የእኔ ቢሆን» እል ነበር። የእኔ ቢሆን በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ሳይቀምስ ጨምሩልኝ አይልም፣ በልቶ ሲነሳ ተመስገን ይላል። ይቺ ልጅ ሁሉንም ተምራ መጣችልኝ። ጎረቤቶቼ «እንዴት ያለች የታረመች ልጅ ናት፤ እጅሽ ይባረክ» ሲሉኝ ያልሠራሁበትን ምርቃት አሜን ብዬ እቀበል ነበር።

ጥርጣሬው የገባኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እህቴ ቤት ይዣት ስሄድ ነው። መንገዱ አንድ ሰሞን ተዘግቶ ከርሞ ስለነበር፣ እንደተከፈተ ልጅቷ እናቷን ትይ ብዬ ተነሳሁ። እህቴ ቆሎ ዘግና ሰጠቻት። ልጅቷ በአንድ እጇ አፈፍ አደረገችው፤ ቀመስ አደረገችና «አርሯል» ብላ የቀረውን ለዶሮዎቹ በተነችው። እናቷ ጀርባዋን በቀስታ መታ አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች። ልጅቷም ሄዳ እናቷ ጭን ላይ እንደ ጆንያ ተዘረጋች። ሌላ ልጅ ያየሁ መሰለኝ። በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ተመልሰን ዳቦ ስሰጣት ብድግ ብላ፣ በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነችኝ።

ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት። እኔ እናቴን ስለ እራት አመስግኜ አላውቅም። እናቱን ስለ እራት የሚያመሰግን ልጅም አይቼ አላውቅም፤ ቢኖር እናትየው ምን ነካው ብላ ግንባሩን ትዳብሰው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ የሚባለው ለጎረቤት፣ ላሳደረ ሰው፣ ለማያውቁት ደግ ሰው ነው። እንግዲያው ይቺ ልጅ እኔ ቤት እንግዳ ናት ማለት ነው። እንግዳ ደግሞ መሄዱ አይቀርም።

ልፈትናት ብዬ አንድ ቀን ሽሮው ላይ ጨው አበዛሁበት። ባለቤቴ አንዴ ጎርሶ ፊቱን አጨማዶ ተወው። እሷ ግን የቀረበላትን በላች፣ ውሃ ደጋግማ ጠጣች፣ ተነስታ አመሰገነች። አጸደ ሕፃናቷ ሄጄም አስተማሪዋን ጠየቅሁ፤ እዚህስ እንዴት ናት አልኳት። አስተማሪዋ ሳቀችና «እንደማንኛውም ልጅ ናት፤ ትናንት በእርሳስ ቀለም ተጣልታ ጓደኛዋን ነክሳለች» አለችኝ። ይህን ሰምቼ ቀናሁ። የተነከሰችው ልጅ ከእኔ ትበልጣለች፤ ቢያንስ አልፈራቻትም።

ማን ነው ልጅቷን እንግዳ ያደረጋት? እህቴን ጠረጠርኩ።

ማስረጃ አላጣሁም። እህቴ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ቅቤ በጣሳ ትልካለች። እንቁላል ትልካለች፣ በርበሬ ትልካለች። ለሌላ ሰው ይህ ፍቅር ነው። እኔ ግን ቀለብ እየሰፈረችላት ነው አልኩ፤ አንድ ቀን መጥታ «ልጄን የቀለብኳት ራሴ ነኝ፤ አሁን ትምጣልኝ» ልትል ነው። በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ ጣሳውን ስኳር ሞልቼ እመልሳለሁ። እሷ ከፍ ያለ ጣሳ ትልካለች። እኔ ስኳሩ ላይ ሳሙናና የልጆች ካልሲ እጨምራለሁ። ባለቤቴ አንድ ቀን ጓዳ የተደረደረውን ጣሳ አይቶ «እናንተ እየተሰጣጣችሁ ነው ወይስ እየተዋጋችሁ?» አለ። ኔትወርክ ባለበት ቀን ስትደውልም ሁልጊዜ የምታነሳው ያንኑ ነው። «እያስቸገረቻችሁ ነው?» ትለኛለች። አዎ ብላት «እንግዲያው ልውሰዳት» ለማለት ሰበብ እየፈለገች ነው ብዬ «ምን አስቸግራ፤ መልአክ ናት» እላታለሁ። ይሄኔ ዝም ትላለች። ዝምታዋንም ጠረጠርኩት።

እንዲህ እያልን ሁለተኛው ዓመት ገባ። አንድ ቀን አጸደ ሕፃናቱ ወላጆችን ሰበሰበ። ያቺው አስተማሪ ከሥልጠና መመለሷ ነበር። ልጆች ምስጋናን የሚማሩት ከምክር ሳይሆን ከሚያዩት ነው አለችን፤ ውሃ ሲያቀብሏችሁ፣ የወደቀ ዕቃ ሲያነሱላችሁ እናንተም አመሰግናለሁ በሏቸው። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አባት «ለበላልኝ ደግሞ ላመስግነው?» ብለው አጉረመረሙ። እኔ ደግሞ ከዚህ ንግግር ቀጥሎ መዋጮ እንደሚመጣ ጠርጥሬ ነበር። መዋጮ አልመጣም። ወደ ቤት ስመለስ ነገሩ ሆዴ ገባ። እኔም ባመሰግናት ምናልባት ምስጋናው የሁለታችን የቤት ወግ ይሆንና እንግድነቱ ይቀር ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ የክሩ ማጠንጠኛ ተንከባሎ ቁም ሳጥኑ ሥር ገባ። ልጅቷ በሆዷ ተስባ አውጥታ ሰጠችኝ። የአስተማሪዋን ቃል አስታወስኩና ፊቴን አሳምሬ «አመሰግናለሁ» አልኳት። ያነሰ ስለመሰለኝ ጨመርኩበት። «እስካሁን ስላደረግሽልኝ ሁሉ በጣም አመሰግናለሁ» አልኩ።

ቀጥ ብላ አየችኝ። አፍራ ነው ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ደንበኛ መጣ፣ ተከራከርን፣ ሄደ። ቀና ስል ልጅቷ የለችም። ጓሮ ፈለግኋት፣ ጎረቤት ጠየቅሁ። መጨረሻ ላይ የግቢው በር ጥግ ተቀምጣ አገኘኋት። ስትመጣ ለብሳው የነበረውን፣ አሁን ከጉልበቷ በላይ የቀረውን ቀሚስ ለብሳለች። ፌስታሏን ጭኗ ላይ አቅፋለች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«እማዬ ጋ።»

«ማን ሂጂ አለሽ?»

«አንቺ።»

«እኔ መቼ?»

«አመሰግናለሁ አልሽኝ።» እንዳልገባኝ አይታ አስረዳችኝ። «ሲስተርንም አመሰግናለሁ አልሻት።»

ሲስተር የምትላት ግቢያችን ተከራይታ የነበረችውን ነርስ ነው። ክፍሉን ለራሳችን ስለፈለግነው በዚያው ሰሞን ልቀቂልን ብለናት ነበር። እንደ ወጉ እኔና ባለቤቴ በር ላይ ቆመን «እስካሁን ስላደረግሽልን ሁሉ እናመሰግናለን» ብለን ሸኘናት። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ የነርሷ ፍራሽ ባጃጅ ላይ ሲጫን አይታለች። ሰው ከዚህ ቤት እንዴት እንደሚወጣ በዓይኗ አይታ፣ ቃሉንም በጆሮዋ ሰምታ ነበር።

አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «አንቺ አትወጪም» አልኳት። «ቤትሽ ነው።»

«ባላመሰግንም?»

«ማን እንዲህ አለሽ?»

«እማዬ። በሰው ቤት ካላመሰገንሽ ይመልሱሻል ብላኛለች።»

እጇን ይዤ አስገባኋት። አልጋዋ ላይ ሳስቀምጣት መልሳ ተነሳችና «እግዜር ይስጥልኝ እታለም» አለችኝ። ፌስታሉን ግን አልፈታችውም፤ ትራሷ ሥር ሸጎጠችው።

ለልጅቷ ከማዘኔ በፊት በእህቴ ተናደድኩ። በሰው ቤት አለቻት። እኔ ሰው ነኝ ማለት ነው፣ ባዳ። ልጅቷ እንዳትለምደኝ፣ እሷ በፈለገች ቀን እንደ አደራ ዕቃ አንስታ እንድትወስዳት ከመጀመሪያው አጥር አጥራብኛለች። የጠረጠርኩት ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኘ አልኩ። እሑድ ጠዋት ወደ ቡሬ ለመሄድ ስነሳ ባለቤቴ «መጀመሪያ ስሚያት» አለኝ። «እሰማታለሁ፤ የምትለውን ግን ከአሁኑ አውቀዋለሁ» አልኩት። ልጅቷ ፌስታሌን ካልያዝኩ አልሄድም አለች። እኔም አልከለከልኳትም።

ከቡሬ የሽንዲን መኪና ይዘን፣ መንገድ ላይ ወርደን በማሳ መሀል በእግር ገባን። እህቴ ግቢዋ ውስጥ የተሰጣ በርበሬ እየለቀመች ነበር፤ ነጩን ከቀዩ ትለያለች። ከሩቅ ስታየን ተነሳች። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እኔ ላይም ልጇ ላይም አይደለም፤ ፌስታሉ ላይ ነው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን አጠፋች እታለም?» አለችኝ ሰላምታ ሳትሰጠኝ። «ምንም ታጥፋ፣ እኔ እቀጣታለሁ። እባክሽ አትመልሽብኝ።»

«ማን ሊመልሳት ነው?»

«ጓዟን ይዛ የለ።»

«ጓዟን ያስያዝሻት አንቺ ነሽ። በሰው ቤት ካላመሰገንሽ ትመለሻለሽ ያልሻት አንቺ ነሽ። እኔ ባዳ ነኝ?»

እህቴ ልጅቷን ጥጃውን እይ ብላ ወደ ወንድሞቿ ላከቻትና ወደ በርበሬዋ ተመልሳ ቁጭ አለች። እኔም ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«እኔ ደምበጫ ተልኬ የነበረውን ታስታውሽዋለሽ?» አለችኝ።

አስታውሳለሁ። ልጅ ሳለች አንድ የአባታችን ዘመድ ቤት ሆና ትማር ተብላ ደምበጫ ተላከች፤ ዓመቱ ሳይሞላ ተመለሰች። «ናፍቀንሽ መጣሽ» አልኳት።

«እናታችን ለሰው እንዲያ ትል ነበር። እኔ ምን ትናፍቁኛላችሁ፤ እዚያ መብራት ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የፋሲካ ለት ወጥ ሲወጣልኝ ይቺ ብቻ ናት ወይ አልኩ። የቤቱ እመቤት ጭልፋውን መልሰው ድስቱን ከደኑት። ሰንበትበት ብሎ አባታችን ተጠርቶ መጣ። በር ላይ አቁመው፣ ልጅህ ምስጋና አታውቅም፣ ወስደህ አስተምራት አሉት። መንገዱን ሙሉ ዞሮ ሳያየኝ ከፊት ከፊቴ ሄደ።» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ በርበሬ የነካ እጅ ወደ ዓይን አይሄድም። «ከዚያ ወዲያ ማንም ልማር አላለኝም። የእሷ ነገር እንደዚያ እንዳይሆን ፈራሁ። ምን ብዬ ልላካት ነበር እታለም?»

አብራኝ ያደገች እህቴ ናት። ይህን ሁሉ ዘመን ግን ናፍቋት የተመለሰች ነበር የሚመስለኝ። ንዴቴ ጥሎኝ ሲሄድ ታወቀኝ። ሆኖም አመል በአንዴ አይለቅምና «ቅቤውስ?» አልኳት።

«ቅቤው እንዳትከብድሽ ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ ጣሳውን ስኳር ሞልተሽ ስትልኪልኝ፣ የእኛ ዕዳ እንዲኖርባት አልፈለገችም፣ ልጅቷን ልትመልስ ነው እያልኩ ሌላ እልካለሁ። መልአክ ናት ያልሽኝ ቀንማ እህል አልበላሁም። ልጄን አውቃታለሁ፤ መልአክ አይደለችም። ፈርታ ነው አልኩ።»

ላመሰግናት ፈለግሁ። ለቅቤው ስንት ጊዜ አመስግኛታለሁ፤ ልጇን ስለሰጠችኝ ግን አንድም ቀን ቃል ወጥቶኝ አያውቅም። ባመሰግናት መስጠቷን ታስታውሳለች፤ ካስታወሰች መልሳ ትወስዳታለች እያልኩ ነበር። አሁንም ቃሉ እሺ አልል አለኝ። ነጠላዬን አስቀምጬ በርበሬውን አብሬያት መልቀም ጀመርኩ። እጄ መንደድ እስኪጀምር ድረስ ለቀምን። በመጨረሻ «ከአካልሽ ከፍለሽ እንደሰጠሽኝ አውቃለሁ» አልኳት። ቀና ሳትል ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ልጅቷን ጠርታ መሀላችን አስቀመጠቻት። «ያ የነገርኩሽ ነገር ቀርቷል» አለቻት። «እታለም ቤት ቤትሽ ነው። ማንም አይመልስሽም።»

ልጅቷ አንዴ እናቷን፣ አንዴ እኔን አየች። «ብርጭቆ ብሰብርስ?»

«እቆጣሻለሁ» አልኩ እኔ። «አትመለሽም።»

«ባላመሰግንስ?»

«ደስ አይለኝም። አትመለሽም።»

«ብዋሽስ?»

«ትቆነጠጫለሽ» አለች እናቷ። «አትመለሽም።»

ጥቂት አሰበች። «ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብልስ?»

እህቴ ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም። ዓይኗን አጥብባ ፊቴን ትመረምር ነበር። ያን አስተያየት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ሰው አፉ ሌላ ሆዱ ሌላ እንዳይሆን የሚፈራ ሰው አስተያየት ነው። አላመነችኝም። የወለደቻት እህቴ ናት፤ ይህን ጠባይ ግን ከእኔ ነው ያመጣችው።

ቡሬ መናኸሪያ የፍኖተ ሰላም መኪና እስኪሞላ ቆመን ስንጠብቅ ሸንኮራ የሚሸጥ ሰው አየች። «ሸንኮራ ግዢልኝ» አለችኝ። አንድም ቀን ግዢልኝ ብላኝ አታውቅም። እጄ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። ግን ሸንኮራውን ዝንብ ወርሮታል፣ እሷም ሰሞኑን ሆዷን አሟት ነበር። «ዛሬ አይሆንም» አልኳት።

መሬት ላይ ወደቀች። ፌስታሉን ወረወረችው፤ ሹራቧ አቧራው ላይ ተዘረገፈ። እግሯን እያወራጨች፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ጮኸች። ክፉ ነሽ አለችኝ። አልወድሽም አለችኝ። ሽሮሽ አይጥምም አለችኝ። ረዳቱ መጥራቱን አቁሞ ያየን ጀመር። ከእንባው መሀል አንድ ዓይኗ እኔን እየተከታተለ ነበር። እየፈተነችኝ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ፤ አሁንም እጠረጥራለሁ። ቢሆንም ቤቴ ከገባች ጀምሮ ሳትፈራ የነገረችኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተመስገን አልኩ። ማዕድ ሲነሳ ከልማድ የምለው ዓይነት አልነበረም።

ሹራቧን አንስቼ አራግፌ ክንዴ ላይ አደረግሁት። ሸንኮራውን አልገዛሁም። «ስትጨርሺ እንሳፈራለን» አልኳት።

አንዲት ባልቴት አጠገባችን ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ያለች ያልታረመች ልጅ ናት» አሉ። «የማን ናት?»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ጩኸቷን ገታችና ወደ እኔ ቀና አለች።

«የእኔ ናት እማማ» አልኳቸው።

ሰማችኝ። ከዚያ ጩኸቷን ካቆመችበት ቀጠለች።